ዲክቴሽን ወደ ክፍል ይመለስ

ይድረስ ለተከበረው ዝግጅት ክፍል፣

በደሴና በአካባቢዋ የተማሩ ሰዎች ስለ እንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ሲጨዋወቱ ቀድሞ የሚነሳው ዲክቴሽን፣ መምህሩ የሚያነበውን ተማሪው ሰምቶ የሚጽፍበት ልምምድ ነው። ብጣሽ ወረቀት ይቀደዳል፣ ስምና ቁጥር ይጻፍበታል፣ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ዛሬ በምናውቃቸው ክፍሎች ይህ እየቀረ ነው። ብሔራዊ ፈተናው በምርጫ የሚመለስ ስለሆነ ልምምዱ ሁሉ የመልስ ወረቀቱን ክብ ማጥቆር ላይ ወድቋል። እርግጥ ማጥቆሩም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ አንድ ጥያቄ ዘሎ ረድፉን ያልዘለለ ተማሪ ከዚያ በታች ያለው መልስ ሁሉ ይፋለስበታል። ይህን ግን በአንድ ክፍለ ጊዜ ማስረዳት ይቻላል። ጆሮ ለማሠልጠን ዓመት ይፈጃል።

ዲክቴሽንን የስፔሊንግ ፈተና ብቻ አድርገው የሚያዩት ተሳስተዋል። «የስተርዴይ ሺ ዎክድ ቱ ዘ ማርኬት» (ትናንት ወደ ገበያ በእግሯ ሄደች) ተብሎ ሲነበብ የ«ዎክድ» መጨረሻ በ«ቱ» ይዋጣል፤ ጆሮ የሚይዘው «ዎክ ቱ» ነው። «የስተርዴይ»ን ልብ ብሎ ግሱን በኃላፊ ጊዜ የሚጽፍ ልጅ ግራመሩ ገብቶታል፤ ያልገባው የሰማውን ብቻ ያሰፍራል። በምርጫ ጥያቄ ላይ ትክክለኛው ቃል ተጽፎ ስለሚቀርብ ይህ ጉድለት ተሸፍኖ ያልፋል። «ሺፕ» ሲባልም እንዲሁ ነው፤ እንግሊዝኛው መርከብንና በግን በድምፁ እጥረትና ርዝመት ሲለይ የእኛ ጆሮ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል።

ለ8ኛ ክፍል ከ60 እስከ 80 ቃል ያለው አንቀጽ ይበቃል። አዲስ ቃል ካለ ቀድሞ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። መጀመሪያ እስክሪብቶ ተቀምጦ አንቀጹ በተለመደው ፍጥነት ይነበብ። ቀጥሎ ከ5 እስከ 7 ቃል እየተቆረጠ ሁለት ሁለት ጊዜ ይነበብ፤ በመጨረሻ ተማሪው እንዲያርም ሳይቋረጥ ይደገም። የሚበላሸው ሁለተኛው ዙር ላይ ነው። መምህሩ ለልጆቹ አዝኖ ቃል በቃል ሲነጥል «ዎክድ» ብቻውን ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ያን ጊዜ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ሰሌዳው ሥር ቆሞ ማንበብም አይበጅም፤ 60 ልጅ ባለበት ክፍል የኋላው ወንበር አይሰማም፣ መሐል መቆም ይሻላል። የበልግ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ደግሞ ዲክቴሽን ቀርቶ ንባብ ይሁን።

ለእርማት ደብተር ይቀያየር፤ አንድ ዓይነት ስህተት ቢደጋገም አንዴ ብቻ ይቆጠር። የተሳሳተውን ቃል አሥር ጊዜ ከማስጻፍ ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን አንድ ጊዜ ማስጻፍ ይጠቅማል።

ለወሎ ልጅ በጆሮ መማር ባዳ አይደለም፤ ቁርአን ቤቱም የቄስ ትምህርት ቤቱም ያሳደጉት እየሰማ እንዲደግም ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ተጠሪዎች በሳምንት 15 ደቂቃ፣ ከተከታታይ ምዘናውም 10 ነጥብ ለዲክቴሽን እንዲይዙ እንጠይቃለን።

ጡረታ የወጣን የእንግሊዝኛ መምህራን፣ ከደሴ