ለሚሚ፣ ካሜራሽን ከማቆምሽ በፊት

ሚሚዬ፣ የኔ እናት፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ክረምቱን ሙሉ ሲያስቸግራት ነበር፣ አሁን ሻል ብሏታል።

ወንድምሽ ትናንት ደውሎ ሁሉን ነገረኝ። ዕቁብ ደርሶሽ ካሜራ መግዛትሽን ስሰማ ደስታዬን አልቻልኩትም። ቀጥሎ የነገረኝ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ለደመራ ማታ እንዲሆንሽ ከስልክ ዕቃ መሸጫ የ2,500 ብር ትራይፖድ፣ ያንን ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ፣ ልትገዢ ነው አሉ። «ለጀማሪ ይበቃል» ብለሻል አሉ። አይበቃም ልጄ። ልምድ ያለው ሰው ደካማ እግር ላይ ካሜራ ሲያቆም እጁን አያነሳም። ጀማሪ ግን አምኖት ይሄዳል። እኔ አምኜው ሄጃለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዢልኝ። የቱንም ብትገዢ የመሃሉን ዘንግ አትምዘዢ። በሦስቱ እግሮች መካከል ወደ ላይ የሚሳበውን ቱቦ ማለቴ ነው። እሱ ሲወጣ ካሜራሽ በሦስት እግር መቆሙ ቀርቶ በአንድ ቀጭን ብትር ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁመት አብዛኛውን ጊዜ ዘንጉ ተመዝዞ የተለካ ነው፣ እንዳያታልልሽ። ሱቁ ውስጥ እግሮቹን እስከ መጨረሻው ዘርጊ፣ ዘንጉን እንደወረደ ተዪው፣ ካሜራሽን ጫኚበት። አገጭሽ ጋ ከደረሰ ይበቃሻል።

ከዚያ መዳፍሽን አናቱ ላይ አድርገሽ ተጫኚው። ግራና ቀኝ ጠምዘዝ አድርጊው። እግሮቹ ከተንቀጠቀጡ አመስግነሽ ውጪ። ሌላም ፈተና አለ። በሌንሱ ሩቅ ነገር አቅርቢና በስክሪኑ እያየሽ አንዱን እግር በጣትሽ ጠቅ አድርጊው። ምስሉ ይርገበገባል። ወዲያው ከረጋ ጥሩ ነው። መወዛወዙ አልቆም ካለ ማታ የምታነሺው ፎቶ ሁሉ ይደበዝዝብሻል። ነጋዴው ቢቆጣም አትፈሪ፣ ብሩ ያንቺ ነው።

ይሄን ሁሉ የምነግርሽ ለምን መሰለሽ? አንድ የደበቅኩሽ ነገር አለ።

ልጅ ሳለሽ «ከአያቴ ጋር የተነሳሁት ፎቶ የታለ?» እያልሽ ትጠይቂኝ ነበር። ፊልሙን ፎቶ ቤቱ ጣለብን አልኩሽ። ውሸቴን ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

የክርስትናሽ ቀን ነው፣ ሰማንያ ቀን ሲሞላሽ። ያቺን ዜኒት የፊልም ካሜራዬን ታውቂያታለሽ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ ያለችው። ለእሷ ብዬ ርካሽ እግር ገዛሁ። እናትሽ አይታው «ይሄማ የወፍ እግር ነው» ብላኝ ነበር። አልሰማኋትም። ዳሱ ውስጥ ሁሉም ተደረደሩ፣ አንቺ እናቴ ጭን ላይ ነሽ። አንድ አነሳሁ። እናቴ «አንተስ? ና ግባ እንጂ» አለችኝ። ከኋላ የቆሙት አልታይ ስላሉኝ ዘንጉን እስከ ጫፉ መዘዝኩት። ካሜራው ራሱ እንዲያነሳን ሰዓት ቆጣሪውን ሞልቼ ሮጥኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዝዝዝ የሚለው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። አመልካች ጣቷን ጨብጠሽባት ነበር። ነፋስ መጣ፣ የዳሱ ሸራ ተርገፈገፈ፣ ካሜራው ተንገዳገደና በአፍጢሙ ተደፋ። የኋላ ክዳኑ ተከፍቶ ፊልሙ ፀሐይ ላይ ተሰጣ። ሮጬ ዘጋሁት፣ ግን ብርሃን አንዴ ከገባ ገባ ነው። መጀመሪያ የተነሱት ወደ ውስጥ ተጠቅልለው ስለነበር ተረፉ። ከላይ የነበሩት የመጨረሻዎቹ ተቃጠሉ። ድስቱ፣ ጠላው፣ ዳሱ ሲጣል፣ እነዚህ ሁሉ አሉ። አንቺና እሷ የላችሁም። ሌላ ቀን አነሳችኋለሁ እያልኩ ስል ሰኔ ላይ አረፈች።

እና ሚሚ፣ የመሃሉን ዘንግ አትምዘዢ።

ለትራይፖዱ እጅሽ ላይ የቀረው 9,000 ብር ነው ብሎኛል። 4,000 በቴሌብር ልኬልሻለሁ፣ ለሌላ ነገር እንዳታውዪው። ከካርቦን የተሠራ አያስፈልግሽም፣ ክብደቱ ቀላል ነው ግን ውድ ነው። አሉሚኒየም ግዢ። ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩልም ሁለትም ቢሆን ተሸከሚው፣ ወጣት ነሽ። ለአዲሱ ብሩ ካልደረሰልሽ ሙያውን ከቆዩበት ካሜራ ሰዎች ያገለገለ ፈልጊ። ደህና እግር ካሜራ ሲለዋወጥ እሱ አይለወጥም። ካሜራሽ ከነሌንሱ አንድ ኪሎ ቢሆን ቢያንስ ሦስት ኪሎ የሚችል ይሁን። ወደፊት ከባድ ሌንስ መግዛትሽ አይቀርም። እግሩ አንዱ ከአንዱ ውስጥ የሚሳብ ባለ አምስት እጥፍ ከሆነ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ግን የመጨረሻው እጥፍ እንደ እርሳስ ቀጭን ነው። ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት ይሻላል።

ካሜራው የሚያርፍበት አናቱ በኳስ የሚዞር ይሁን። ረጅም እጀታ ያለውን ፕላስቲክ ተዪው፣ ስታጠብቂው ካሜራውን ይዞት ዝቅ ይላል። ካሜራው ሥር የምትታሰረዋ ሳህን አርካ የሚሉት ዓይነት ትሁን፣ ብትጠፋ ሌላ አታጪም። ደግሞም ሁለት ግዢ። ያቺ ሳህን ከጠፋች ትራይፖዱ ምርኩዝ ነው።

ደመራ ላይ ሕዝብ መሃል እግር እንዳትዘረጊ። ሰው ይሰናከልበታል፣ አንቺም ትሰደቢያለሽ። ከፍ ያለ ቦታ ቀድመሽ ያዢ። ስትዘረጊ ወፍራሙን እጥፍ አስቀድሚ፣ ቀጭኑን ሲቸግርሽ ብቻ። የካሜራሽን መንቀጥቀጥ መከላከያ አጥፊው፣ ሁለት ሰከንድ ቆጣሪ ሙዪና እጅሽን አንሺ። ነፋስ ካለ ቦርሳሽን ከሥሩ አንጠልጥዪ፣ ግን መሬት ይንካ፣ ከተወዛወዘ እሱም ያንቀጠቅጠዋል። ቁመት አነሰኝ ብለሽ ዘንጉን እንዳትነኪ፣ ከነትራይፖዱ ድንጋይ ላይ ውጪ።

የተቆጣሁ መስሎሽ ከሆነ አይደለም። ወንድምሽ የላከልኝን ፎቶዎችሽን አይቻለሁ። የጀበናዋን ጭስ ያነሳሽበትን ለጎረቤት ሁሉ አሳየሁት።

ቅዳሜ የአክስትሽ ልጅ ወደ አዲስ አበባ ይመጣል። እናትሽ በሶ ልካለች፣ ቶሎ ውሰጂ። እሽጉ ውስጥ ፖስታ አለ፣ እንዳታጥፊው። ያ ፊልም ነው። የተቃጠለውን ጥቁሩን ክፍል ቆርጬ አልጣልኩትም። ጥቁሩ የሚጀምርበት ጋ አንድ ግማሽ ምስል አለ። መብራት ላይ አድርገሽ እዪው። ጥለት ይታያል፣ የእሷ ነጠላ ነው፣ አንቺ ከሥሩ ነሽ።

ሲደርስሽ ደውይልኝ።

አባትሽ