ዋስ ከየት ላምጣ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሥራ አጥነት ሲወራ «ሥራ የለም» የሚለው ይበዛል። እኔ ግን ሥራውን አግኝቼው ነበር።

ዕድሜዬ 34 ነው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። በአካውንቲንግ ደረጃ 4 ጨርሼ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ፈተና አልፌያለሁ። አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጋዜጣ እየተከራየሁ ስንቱን ማስታወቂያ ገልብጫለሁ። የእናንተንም ጭምር። ገዝቼ ስላላነበብኩ ይቅርታ።

ባለፈው ወር አንድ ሱፐርማርኬት ለካሸርነት ፈተነን፤ አለፍኩ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ፎርም ሰጠችኝና «በሦስት ቀን ዋስ ይዘሽ ነይ» አለችኝ። ዋሱ ቋሚ ሠራተኛ፣ ደመወዙ ከእኔ የማያንስ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያጽፍ፣ ለሌላ ሰው ያልፈረመ መሆን አለበት።

ወንድሜ የቀን ሠራተኛ ነው። እህቴ ጉሊት ትቸረችራለች። ካዛንቺስ ሳለን ግቢያችን ውስጥ አንድ አስተማሪና አንዲት ነርስ ነበሩ። በ2017 ሰፈሩ ሲፈርስ እኛ ገላን ጉራ ገባን፤ ነርሷ የት እንደደረሰች እንኳ አላውቅም። አስተማሪውን አጠያይቄ ለቡ አገኘኋቸው። ቡና ተፈላልኝ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ፎርሙን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ልጄ፣ አንቺን አምንሻለሁ። ግን ይሄ ወረቀት ስንት ብር እንደምከፍል አይናገርም።»

እውነታቸውን ነው። «ለሚደርስ ማንኛውም ጉድለት» ይላል እንጂ ቁጥር የለውም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ የዋስትና ውል የገንዘቡ ጣሪያ ካልተጻፈበት አይጸናም። ይህንንም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። በማግስቱ ጣሪያ ይጻፍበት ብዬ ብጠይቅ ኃላፊዋ «ፎርሙን ያዘጋጀሁት እኔ አይደለሁም» አለች። ሦስተኛው ቀን አለፈ፣ ሌላ ሰው ተጠራ።

ከዚያ አንድ ደላላ ዋስ በገንዘብ ላምጣልሽ አለኝ። ሰውየውን አላውቀውም፣ እሱም አያውቀኝም። ታማኝነቴን የሚመሰክረው እንግዲህ እሱ ነው!

አሠሪው ገንዘቤ ይጠፋል ብሎ ቢሰጋ አልፈርድበትም። ግን የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የታማኝነት ዋስትና ይሸጣሉ። ለምን አይገዛም? እሱ ቢከብደው እንኳ ፎርሙ ላይ የብሩን መጠን መጻፍ ምን ያስወጣዋል? ጋሼ ያን ቀን ይፈርሙልኝ ነበር።

አሁን ማክሰኞና ቅዳሜ ቦሌ ሰው ቤት ልብስ አጥባለሁ። ሴትየዋ ጠዋት ሥራ ስትሄድ ቁልፉን ለእኔ ትታ ነው የምትወጣው። ወርቋ ኮመዲኖው ላይ ነው። አንድም ቀን ዋስ አልጠየቀችኝም።

አንባቢያችሁ፣ ከገላን ጉራ