የሰርቨር ክፍላችሁና የምንቆምበት መሬት፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ለክቡራን ደንበኞቻችን
ኮምቦልቻና ደሴ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን።

የሰርቨር ክፍል ወይም አነስተኛ የዳታ ማዕከል ንድፍ እንድንሠራላችሁ ስትጠሩን አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል፦ «ክፍሉ ተለይቷል፣ ማቀዝቀዣው ተገዝቷል፤ እናንተ ስለ አፈር ምርመራ፣ ስለ ኮለን ፌሮና ስለ ብሎን የምትጠይቁት ለምንድን ነው?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው ምክንያቱን የማወቅ መብት አለው፤ ስለዚህ መልሳችንን በጽሑፍ ልናደርሳችሁ ወደድን።

ከመሬቱ እንጀምር። ደሴም ኮምቦልቻም ያሉት ደጋው ወደ አፋር ዝቅታ በሚወርድበት ጠርዝ ላይ ነው። የቦርከና ሸለቆ ራሱ መሬት በስንጥቆች መካከል ሰምጦ የተፈጠረ ነው። ከኮምቦልቻ በስተደቡብ በምትገኘው በካራ ቆሬ አካባቢ በግንቦት 1953 ዓ.ም. ከ6 በላይ መጠን ያለው ርዕደ መሬት ደርሶ የማጀቴን ከተማ አፈራርሷል፤ ከካራ ቆሬም ብዙ ቤት ወድቋል። የዚያን ጊዜውን የሚያስታውሱ አዛውንት ዛሬም በመካከላችን አሉ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ አካባቢ ቅልጥ አለት ከመሬት በታች ሰርጎ በመግባት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን መሬት ከፍሏል፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ለወራት የቀጠለውን መንቀጥቀጥ ደግሞ ሁላችንም ሰምተናል። ይህን የምንጽፈው ልናስፈራራችሁ አይደለም። በዚህ ጠርዝ ላይ የሚገነባ ማንኛውም ሕንፃ ርዕደ መሬት ይደርስበታል ተብሎ መነደፍ አለበት፤ የአገራችን የሕንፃ ስታንዳርድም፣ ኢኤስ ኢኤን 1998፡2015፣ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ነገር ግን ስታንዳርዱን ማሟላት ለሰርቨር ክፍል ብቻውን አይበቃም፤ አብዛኛው ክርክራችንም የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ለተራ ሕንፃ የተቀመጠው ዋና ግብ የሰው ሕይወት ማትረፍ ነው። በ50 ዓመት ውስጥ የመድረስ ዕድሉ 10 በመቶ የሆነ መንቀጥቀጥ ቢመጣ ሕንፃው ሊሰነጠቅ፣ ፌሮው ሊለጠጥ፣ ግድግዳው ሊረግፍ ይችላል፤ እንዳይወድቅና ሰው በሕይወት እንዲወጣ ግን ይፈለጋል። ለመኖሪያ ቤት ይህ ምክንያታዊ ነው። የባንክ ሂሳብ ወይም የሕሙማን መዝገብ የያዘ ክፍል ግን በማግስቱ ጠዋት ሥራ ላይ መገኘት አለበት።

ልዩነቱን በግልጽ ያሳየ አንድ ታሪክ አለ። በካሊፎርኒያ የሚገኘው ኦሊቭ ቪው ሆስፒታል በ1971 እ.ኤ.አ. በደረሰው ርዕደ መሬት ክፉኛ ተጎድቶ ፈረሰና እጅግ ጠንካራ ሆኖ እንደገና ተሠራ። በ1994 እ.ኤ.አ. የኖርዝሪጅ ርዕደ መሬት ሲመጣ አዲሱ መዋቅር ክፉኛ ሳይጎዳ ቆመ። ነገር ግን የውኃ ቧንቧዎች ተሰብረው ውኃው ወለሉን አጥለቀለቀ፣ ሕሙማኑም ወደ ሌላ ቦታ ተወሰዱ። መሐንዲሶቹ የኮለኑንና የግድግዳውን ችግር አሸንፈው ነበር፤ ሆስፒታሉን የዘጋው ቧንቧ ነው። እናንተ ዘንድ መጥተን ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ለማየት መሰላል የምንጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ቦታ ምርጫ። ብዙዎቻችሁ የሰርቨር ክፍሉን የላይኛው ፎቅ ላይ ማድረግ ትፈልጋላችሁ፤ ጸጥ ያለ ነው፣ ሌባ አይደርስበትም፣ የማቀዝቀዣው ማሽንም ጣሪያው ላይ ቅርብ ነው። ይሁን እንጂ ሕንፃ ሲወዛወዝ የላይኛው ፎቅ ከታችኛው አብልጦ ይንቀሳቀሳል። በስታንዳርዱ ስሌት መሠረት ከወለሉ ጋር በግትርነት የታሰረ ዕቃ ምድር ቤት ላይ የመሬቱን ፍጥንጥነት (ፍጥነቱ የሚለዋወጥበትን መጠን) ያህል ሲደርስበት፣ ጣሪያው አጠገብ 2.5 እጥፍ ይደርስበታል። ዕቃው ራሱ እንደ ሕንፃው ምት የሚወዛወዝ ከሆነ እስከ 5.5 እጥፍ ሊሆን ይችላል። 60 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ቁመት ያለው፣ ክብደቱ መሐል ላይ ያረፈ የሰርቨር መደርደሪያ ሳይታሰር ከቆመ፣ ወደ ጎን የሚገፋው ፍጥንጥነት የመሬት ስበትን 30 በመቶ ሲደርስ አንድ እግሩን ማንሣት ይጀምራል። መሬቱ በስበት 15 በመቶ ፍጥንጥነት ቢንቀጠቀጥ ምድር ቤት ያለው መደርደሪያ ቆሞ ይተርፋል፤ ጣሪያው አጠገብ ያለው ግን 37 በመቶ ገደማ ይደርስበትና ከነሰርቨሩ ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ ምድር ቤቱን ወይም አንደኛ ፎቅን እንመርጣለን። ቦርከና ዳር ላላችሁ ጎርፍ ስለሚያሰጋ አንደኛ ፎቅን እንመክራለን፤ ከመሬት በታች ያለ ክፍል ግን በሁለቱም ከተሞች አንቀበልም።

ቀጥሎ ክብደት ነው። ለቢሮ የተሠራ ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል) በካሬ ሜትር 300 ኪሎ ግራም ያህል ተሰልቶለት ይሆናል። ሙሉ በሙሉ የተሞላ አንድ መደርደሪያ ግን 1,000 ኪሎ ግራም ሊደርስ ይችላል፤ የሚያርፈውም ከ0.72 ካሬ ሜትር ባልበለጠ ቦታ ላይ ነው። የዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ባትሪዎች ከዚህም ሊብሱ ይችላሉ። ለዳታ ማዕከል ወለል በካሬ ሜትር 1,200 ኪሎ ግራም ገደማ እንዲሰላ የሚመከረው ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ሌላ ነገርም አለ። መሐንዲስ የቢሮን የርዕደ መሬት ኃይል ሲያሰላ ሰውና ወንበር ሁልጊዜ እንደማይሞላው አስቦ ከጭነቱ 30 በመቶውን ገደማ ብቻ ይወስዳል። ሰርቨር ግን ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ሌሊትም ቀንም እዚያው ነው። ስለዚህ ቢሮን ወደ ሰርቨር ክፍል መለወጥ ሶሌታውን ብቻ ሳይሆን የሕንፃውን ጠቅላላ የመንቀጥቀጥ ስሌት ይቀይራል።

በሁለቱም ከተሞች ዋና መንገድ ዳር በተሠሩ ብዙ ሕንፃዎች ምድር ቤቱ ለሱቅ ተብሎ ክፍት ነው፤ ከላይ ያሉት ፎቆች ደግሞ በብሎኬት ተሞልተዋል። እንዲህ ዓይነት ሕንፃ ሲናወጥ እንቅስቃሴው ሁሉ በምድር ቤቱ ኮለኖች ላይ ይከማቻል። የእነዚያ ኮለኖች ጽናት ደግሞ በስታፋው፣ ማለትም ቁም ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን በሚያስረው ቀጭን ፌሮ፣ አሠራር ላይ የተንጠለጠለ ነው። የስታፋው ጫፍ 90 ዲግሪ ብቻ ታጥፎ ከሆነ የኮለኑ ሽፋን ሲረግፍ ስታፋው ይከፈታል፤ ቁም ፌሮዎቹም ወደ ውጭ ይታጠፋሉ። ትክክለኛው 135 ዲግሪ ወደ ውስጥ ማጠፍና ከስታፋው ውፍረት 10 እጥፍ ያህል ጅራት መተው ነው። ነባር ሕንፃ ይዛችሁ ስትመጡ የግንባታ ወቅት ፎቶግራፎችን የምንለምናችሁ፣ ከሌሉም በመሣሪያ ፌሮውን የምንፈልገው ይህን ለማወቅ ነው።

የአፈር ምርመራውስ? በኮምቦልቻ ሜዳ ወንዝ ያመጣው ደለልና መረሬ አፈር አለ፤ በደሴ ደግሞ ከጦሳ ሥር ባሉት ተዳፋቶች የመሬት መንሸራተት ስጋት ይጨመራል። ለስላሳ አፈር መንቀጥቀጥን ያጎላል፤ በስታንዳርዱ በጠንካራ አለት ላይ 1.0 የሆነው ማባዣ በለስላሳ አፈር ላይ 1.35 ሊደርስ ይችላል። በ1985 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ሲቲ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በተነሣ ርዕደ መሬት የተጎዳችው በቀድሞ ሐይቅ ጭቃ ላይ ስለተሠራች ነው። ስለዚህ «ስንጥቁ ከእኛ ይርቃል» የሚለው መጽናኛ አይበቃንም።

ስለ ብሎን በዝርዝር እንድንጽፍ ፍቀዱልን፤ ትንሹ ወጪ ትልቁን ንብረት የሚያድነው እዚህ ነው። በአካባቢያችን ከሶሌታው በላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሊሾ ይፈስሳል፣ በላዩም ሴራሚክ ይነጠፋል። ሠራተኛው 8 ሴንቲ ሜትር በስቶ ብሎን ሲያስገባ፣ ከርዝመቱ ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው በሊሾና በሴራሚክ ውስጥ ይቀራል። ዳዶው ሲጠብቅ ጥብቅ ይመስላል፤ ሲናወጥ ግን ሊሾው ከሶሌታው ተላቅቆ ብሎኑ ከነጉርሱ ይወጣል። ስለዚህ የብሎኑ ጥልቀት የሚለካው ከካልሲትሩሶው (ከኮንክሪቱ) ፊት ጀምሮ ነው። ቀዳዳው በብሩሽና በአየር ካልጸዳ ብሎኑ የሚተከልበት ማጣበቂያ የሚይዘው አቧራውን ነው። ሲበሳ ፌሮ ከተገኘ ቦታው ይቀየራል እንጂ ፌሮው አይቆረጥም። የሚገዛው ብሎንም በተሰነጠቀ ካልሲትሩሶ ውስጥ ተፈትኖ ያለፈ መሆን አለበት፤ ሶሌታ በርዕደ መሬት ጊዜ መሰንጠቁ አይቀርምና። በመጨረሻም ከተተከሉት ብሎኖች የተወሰኑት በእኛ ፊት ብሎን በሚጎትት መሣሪያ ይፈተናሉ። ይህን ፈተና ተቋራጮች አይወዱትም፤ እኛ ግን አንተወውም።

በብረት እግሮች ላይ የሚቆም ወለል ካላችሁ እግሮቹ በሰያፍ መታሰር አለባቸው፤ መደርደሪያውም በወለሉ ሰሌዳ ላይ ሳይሆን በቱቦላሬ ፍሬም አማካይነት ከሶሌታው ጋር ይያያዛል። ጄኔሬተሩ ንዝረትን በሚቀንስ ስፕሪንግ ላይ ከቆመ ወደ ጎን እንዳይዘል የሚገታው ማቆሚያ ያስፈልገዋል። የነዳጅና የውኃ ቧንቧዎች ከማሽኑ ጋር በሚለጠጥ መገጣጠሚያ ይያያዙ። ባትሪዎች በመደርደሪያቸው ላይ እንዳይንሸራተቱ ከፊት መወርወሪያ ይደረግላቸው።

ሕንፃን በጎማና በእርሳስ ትራስ ላይ ስለማስቀመጥ የጠየቃችሁንም አልዘነጋንም። ዘዴው ይሠራል፤ በዚያው በኖርዝሪጅ ርዕደ መሬት እንዲህ የተሠራ የሎስ አንጀለስ ሆስፒታል ሥራውን ሳያቋርጥ ቀጥሏል። ነገር ግን ሕንፃው በሁሉም አቅጣጫ የሚንቀሳቀስበት ክፍተትና የሚለጠጡ ቧንቧዎች ይፈልጋል፤ ትራሱም ከውጭ ይመጣል። ለአንድ ወይም ለሁለት ክፍል ይህን አንመክርም። ዝቅ ያለ፣ ቅርጹ ቀጥ ያለ፣ በሁለቱም አቅጣጫ የካልሲትሩሶ ግድግዳ ያለው ሕንፃ ለብዙዎቻችሁ የተሻለ ነው። ለገንዘባችሁ ስንል አጥብቀን የምንይዘው አቋም ነው።

አንድ የሚያሳስበን ነገር አለ። ዋናውን ሰርቨር ኮምቦልቻ፣ ቅጂውን ደሴ ያደረጋችሁ ድርጅቶች አላችሁ። ሁለቱ ከተሞች በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚራራቁት፤ በአንድ ጠርዝ ላይም ተቀምጠዋል። ለእሳት ወይም ለስርቆት ይህ ዝግጅት ጥሩ ነው፤ ለርዕደ መሬት ግን ሁለቱም በአንድ ቀን ሊመቱ ይችላሉ፤ መንገዱም በናዳ ሊዘጋ ይችላል። ቢያንስ አንድ ቅጂ ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ በራቀ ከተማ፣ ለምሳሌ ባሕር ዳር፣ ይቀመጥ። ይህ የእኛ ሥራ ባይሆንም ሳንነግራችሁ ማለፍ አልቻልንም።

ሥራ ልትሰጡን ስታስቡ የሕንፃውን የመዋቅር ንድፍ፣ ቀደም ሲል የተሠራ የአፈር ምርመራ ካለ ውጤቱን፣ የሚገቡትን መደርደሪያዎችና ባትሪዎች ክብደት ከአቅራቢው ወረቀት ጋር ላኩልን። ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ቢደርሰን ይመረጣል፤ ከተገዛና ከተተከለ በኋላ ብሎን መትከል ሰርቨሩን አጥፍቶ አቧራ ውስጥ መሥራት ማለት ነውና። ለመጀመሪያው የቦታ ጉብኝት ክፍያ አንጠይቅም፤ የሕንፃው ቁልፍ ያለው ሰውና አንድ መሰላል እንዲዘጋጁልን ብቻ እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የመዋቅር ምሕንድስና ክፍል
ኮምቦልቻ