ከቫንቱ ተራራ በፊት

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በሚመጣው ሳምንት ደቡብ ፈረንሳይ ያለውን የሞን ቫንቱን ተራራ ልትወጪ መሆኑን ስትጽፊልን እናትሽ ስለ ጫማሽ ተጨነቀች። ከፍታው ከ1,900 ሜትር ትንሽ በላይ ነው ብላት «ታዲያ ከአዲስ አበባ ያንሳል!» ብላ ሳቀች። እኔ ደግሞ ጣሊያናዊው ባለቅኔ ፔትራርካ ትዝ አለኝ። የታሪክ አስተማሪ የወለዳት ልጅ ይህን መቻል አለባት።

ፔትራርካ ለአንድ መነኩሴ በጻፈው ደብዳቤ ያንን ተራራ ወጣሁ የሚለው ኤፕሪል 26 ቀን 1336 ነው። ከፍታውን ለማየት ከመጓጓት በቀር ምክንያት አልነበረኝም ይላል። አደን የለ፣ ስለት የለ፤ ለማየት ብቻ። የአውሮፓ ህዳሴ ሰው ያን ቀን ተወለደ የሚሉ አሉ። ለእኔ ተጋኗል። ፔትራርካና ወንድሙ ከተራራው ሥር ያገኙት ሽማግሌ እረኛ ከ50 ዓመት በፊት ወጥቶት ነበር፤ ከድካምና ከተቀዳደደ ልብስ በቀር ያተረፍኩት የለም ብሎ መከራቸው። እረኛውን ማን ቆጠረው?

እኔን ደስ የሚለኝ አወጣጡ ነው። ታናሽ ወንድሙ ጌራርዶ አቀበቱን ፊት ለፊት ተያያዘው። ፔትራርካ ቀለል ያለ መንገድ ፍለጋ ሲዞር ቁልቁል ወደ ሸለቆው ይመለሳል፤ አንዴ አይደለም፣ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ። ወንድሙ አርፎ ሲጠብቀው እሱ እያለከለከ ይደርሳል። በመጨረሻ አንዱ ሸለቆ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ነፍሴስ የምትሄደው እንዲሁ አይደለም ወይ ብሎ ራሱን ታዘበ።

ጫፉ ላይ ደመናው ከእግሩ በታች ነበር። የአልፕስን በረዶ አየ፤ የሮን ወንዝንም አየ። ከዚያ ይዞት የወጣውን የጥንቱን የቤተ ክርስቲያን አባት የአውግስጢኖስን «ኑዛዜ» የተባለ መጽሐፍ ሲገልጥ፣ ሰዎች ተራራ ሊያደንቁ ይሄዳሉ፣ ራሳቸውን ግን ይዘነጋሉ የሚል ቦታ ላይ ዓይኑ አረፈ። በራሱ ተናደደ፤ እስኪወርድም ቃል አልተነፈሰም። እዚህ ላይ አልስማማውም። ያየውን ስለ ምን ያፍርበታል? ያ ገጽ ቤቱ ተቀምጦ ቢያነበው እንዲህ ባላቃጠለው ነበር።

ሊቃውንት ደብዳቤው የተጻፈው በ1353 አካባቢ ነው ብለው ይጠረጥራሉ። የተጻፈላቸው መነኩሴ ዲዮኒጂ በ1342 አርፈዋል፤ ጌራርዶም በ1343 ገዳም ገብቷል። ስለዚህ የወንድሙ ቀጥተኛ መንገድ የምንኩስናው ምሳሌ ሆኖ ኋላ የታሰበበት ሊሆን ይችላል። ቢሆንስ? እኔ የልጅነቴን ታሪክ ሳወራልሽ መቼ ሳልቀባባ ነግሬሽ አውቃለሁ?

በጨረቃ ብርሃን ወርዶ ማደሪያው ሲደርስ፣ አሽከሮቹ እራት እስኪያሰናዱ ጥግ ይዞ ጻፍኩት ይላል። አንቺም እራትሽ እስኪደርስ ጻፊልኝ። ወፍራም ጃኬት ትያዝ ብላለች እናትሽ።

አባትሽ