መብረቅ የመታው ሰው ሁሉ ሬሳ አይደለም

ይድረስ ለተከበረው ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል፣

ክረምት በገባ ቁጥር ከወሎ ደጋማ ወረዳዎች የሚሰማው የመብረቅ ዜና ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ መብረቅ ይህን ያህል ሰው ገደለ፣ ይህን ያህል በግና ከብት ፈጀ ይባልና ያበቃል። ዜናው ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን በደቡብ ወሎ በጤና ሙያ ያሳለፍሁ እንደ መሆኔ፣ ዜናው ስለማያነሣቸው ሰዎች፣ ማለትም መትረፍ ሲችሉ ረዳት አጥተው ስለሚሞቱትና ከተረፉም በኋላ ጠያቂ ስለሚያጡት፣ ጥቂት ለመጻፍ ወደድሁ።

በመብረቅ ከሚመቱ 10 ሰዎች ዘጠኙ ያህል በሕይወት ይተርፋሉ። መብረቁ የሚያልፍበት አየር እስከ 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢግልም፣ ኃይሉ በሰው አካል ላይ የሚቆየው ከሰከንድ እጅግ ላነሰ ጊዜ ነው፤ አብዛኛውም ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ በቆዳና በራሰ ልብስ ላይ ስለሚፈስ፣ የመብራት መስመር እንደያዘው ሰው ሥጋን ከውስጥ የሚያቃጥለው አልፎ አልፎ ነው። ደግሞም መብረቅ በቀጥታ የሚወርድበት ሰው ጥቂት ሲሆን፣ ብዙው የሚጎዳው በአቅራቢያው ባለ ዛፍ ወይም መሬት ላይ ወድቆ በአፈር ውስጥ በሚሰራጨው ኃይል ነው። በአንድ ዛፍ ሥር የተጠለለ የበግ መንጋ አንድ ላይ የሚያልቀውም የፊትና የኋላ እግሮቹ መራራቃቸው ኃይሉ በአንዱ ገብቶ በልብ በኩል በሌላው እንዲወጣ ስለሚያደርገው ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በኖርዌይ አንድ ደጋ ላይ ሬንዲር የሚባሉ 323 የበረዶ አገር አጋዘኖች በአንድ ውሽንፍር አልቀው ተገኝተዋል።

ታዲያ የሚሞተው ሰው እንዴት ይሞታል? መብረቁ ልብንና ትንፋሽን በአንድ ጊዜ ያቆማል። ልብ ብዙ ጊዜ በራሷ ተነሥታ መምታት ትጀምራለች፤ ትንፋሽን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ግን ፈዝዞ ይቆያል። በዚህ መካከል ትንፋሽ የሚሰጠው ሰው ካልደረሰለት ልብ ኦክስጅን አጥታ ዳግመኛ ትቆማለች፤ ሰውን የሚወስደውም ብዙውን ጊዜ ይህ ሁለተኛው መቆም ነው። እነዚያ ውድ ደቂቃዎች በእኛ ዘንድ የሚያልፉት በኡኡታ ነው። ይህን የምለው ወገኔን ለመውቀስ አይደለም፤ ያስተማረው የለምና። አንዱ «ኃይሉ ገና ሰውነቱ ውስጥ ነው፣ እንዳትነኩት» ይላል፤ ሌላው እግሩን ይዳስስና «ቀዝቅዟል፣ አብቅቷል» ብሎ ነጠላ ያለብሰዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። በተመታው ሰው አካል ውስጥ የሚቀር ኃይል ስለሌለ ወዲያው መንካት ይቻላል። እግሩና እጁ ሽባ ሆኖ የገረጣውና የቀዘቀዘው ደም ሥሮቹ ስለተኮማተሩ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሽባነት በአብዛኛው በሰዓታት ውስጥ ይለቃል። በዚያ ጊዜ የደም ትርታ በእጅ አንጓ ላይ ላይገኝ ስለሚችል በአንገት በኩል መፈለግ ይገባል። የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ መቅረቱም ብቻውን የሞት ማስረጃ አይሆንም።

ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲመታ ደግሞ በሌላ አደጋ ከለመድነው ተቃራኒውን ማድረግ አለብን። የሚጮኸውና የሚያቃስተው ይተነፍሳልና ጊዜ ይሰጣል፤ አስቀድሞ የሚደረስለት ዝም ላለው ነው። መዳፍን በደረቱ መካከል አሳርፎ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 በሚደርስ ፍጥነት 30 ጊዜ ጠበቅ አድርጎ መጫን፣ ከዚያም አፍንጫውን ይዞ በአፉ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ መስጠት፣ እንዲህ እያፈራረቁ እርዳታ እስኪደርስ መቀጠል ነው። ማንም ጤናማ ጎልማሳ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊለማመደው የሚችል ነገር ነው።

ወደ ተረፉት ልምጣ። አንድ እረኛ ልጅ በቃሬዛ ይዘውልን መጥተው ልብሱን ብንገልጥ፣ ከትከሻው እስከ ወገቡ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተሰራጨ ቀይ መስመር ታየ። እናቱ የተጻፈበት ነገር መስሏት ለመሸፈን ትጣደፍ ነበር። ያ ምልክት ቃጠሎ አልነበረም፤ በማግሥቱ ደብዝዞ ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። ሁሉም ጀርባውን ሲያይ ልብ ያላለው ግን የጆሮው ታምቡር መበሳቱን ነበር፤ ይህ ደግሞ በመብረቅ በተመቱ ሰዎች ላይ በብዛት የሚደርስ ጉዳት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ በዓይን የማይታየው ነው። የማውቀው አንድ የቅሬ (የእድር) ጸሐፊ የአባላቱን ስምና መዋጮ መዝገብ ሳይገልጥ የሚናገር ሰው ነበር። በበልግ ዝናብ እርሻው ላይ መብረቅ ከጣለው ወዲህ ግን አንድ ስም ጽፎ ቀጣዩን ሲነግሩት የፊተኛውን መልሶ ይጽፋል፤ እንቅልፍ ያጣል፣ ራሱን ያመዋል፣ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል። ሐኪም ቤት ሄዶ የራስ ምርመራ ምስል ቢነሣ «ምንም የለብህም» ተባለ። ጎረቤት «ዐመሉ ከፋ» አለ፤ መዝገቡም ለሌላ ተሰጠ። የራስ ምርመራው ምስል ንጹሕ ሆኖ መውጣቱ ግን ጉዳት የለም ማለት አይደለም። የመርሳት፣ የሐሳብ መበታተን፣ የማይለቅ የነርቭ ሕመምና የመንፈስ ጭንቀት መብረቅ ከሚያስከትላቸው የታወቁ ችግሮች መካከል ናቸው። ቤተሰብ ወደ ጸበል ወይም ወዳጃ ወደሚባለው የጋራ ጸሎት ቢወስደው አልቃወምም፤ ሰነፍ መባሉን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ።

ስለ መከላከሉ ብዙ ተብሏልና ባጭሩ አልፋለሁ። ነጎድጓድ ከተሰማ ከዛፍ ሥርና ከተራራ አናት መራቅ፣ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ መቆየት ይገባል። የሣር ጎጆም ሆነ የእንጨት ምሰሶ ያለው ቆርቆሮ ቤት ኃይሉን ወደ መሬት የሚያወርድ መስመር ከሌለው ከዝናብ እንጂ ከመብረቅ አያስጥልም።

የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች በየቅሬው ስብሰባ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጃፍ፣ በትምህርት ቤትም ደረት መጫንንና ትንፋሽ መስጠትን በተግባር እንዲያሳዩ እጠይቃለሁ። ይህም ሰኔን ሳይጠብቅ ቢሆን መልካም ነው፤ የእኛ ደጋ በበልግም ይዘንባልና። ዘጋቢዎቻችሁም የሞተውን ሲቆጥሩ ትንፋሽ የሰጠው ሰው ነበር ወይ ብለው ይጠይቁልን። የሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ በተረፈው ሰው ካርድ ላይ «መብረቅ» የሚለውን በግልጽ ይጻፉ፤ የዓይን ሞራ ከወራት አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል፣ ያን ጊዜ የሚያየው ሐኪም ምክንያቱን ከካርዱ ያገኘዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የጤና መኮንን
ከደሴ