ለሐዋሳ ለጋሾቻችን በሙሉ የቀረበ የምስጋና መልእክት

ለተከበራችሁ የእድር ዳኞችና አባላት፣ ነጋዴዎች፣ መምህራን፣ የባጃጅ አሽከርካሪዎች፣ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ እንዲሁም በሩቅ አገር ሆናችሁ ከተማችሁን ላልረሳችሁ የሐዋሳ ልጆች፤

ለችግረኛ ቤተሰቦችና ለወጣቶች የሚሠራው ማኅበራችን ዘንድሮ ሥራውን ለማቆም ጥቂት ቀርቶት ነበር። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታ በድንገት ሲታገድ፣ በአጋር ድርጅት በኩል ይደርሰን የነበረው ገንዘብ አብሮ ተቋረጠ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዘይቱም የደብተሩም ዋጋ ንሮ በጀታችን ቀድሞውኑ ሳስቶ ስለነበር፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጥነው ጥሪት አልነበረንም። ይሁን እንጂ እስከዚህ ነሐሴ ወር ድረስ የልጆቹ ምሳ አልታጠፈም፤ የማጠናከሪያ ትምህርቱም አልቆመም። ይህ የሆነው በእናንተ ነው። ብዙዎቻችሁ የየራሳችሁን ድርሻ እንጂ የሌላውን ስለማታውቁ፣ የተደረገልንን በዝርዝር መናገር ይገባናል።

ቀድመው የደረሱልን በማዕከላችን ዙሪያ ያሉት እድሮች ናቸው። እድር የሚቋቋመው ለቀብርና ለለቅሶ መሆኑ ይታወቃል፤ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ አንዳንድ አባቶች ለሐዘን ቀን የተሰበሰበ መዋጮ ለሌላ ጉዳይ መዋል የለበትም ብለው መከራከራቸውም ተገቢ ነበር፤ እድርን እስከ ዛሬ ያቆየው ይኸው ጥንቃቄ ነውና። ጉባኤው በመጨረሻ መዋጮውን ሳይነካ፣ ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ ለሠርግና ለድግስ ሲከራይ ከሚገኘው ገቢ በየወሩ ለልጆቹ ምሳ እንዲመደብ ወሰነ። ይህን የሰሙ ጎረቤት እድሮችም ተከተሉ። ወፍጮ ቤቱ እህላችንን ያለ ክፍያ ፈጨልን፤ ዳቦ ቤቱ የቁርሱን ዳቦ ቻለ፤ ከአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆችም ሥራ በቀናቸው ቀን ለልጆቹ ድርሻ የሚልኩ ነበሩ። በፊቼ ጨምበላላም፣ በፋሲካም፣ በዒድም የምንከታተላቸው ቤተሰቦች በዓሉን በባዶ ቤት እንዳይውሉ ያደረጉት የሰፈሩ እናቶች ናቸው።

በተለይ ሳላነሣ ማለፍ የማልችለው የፋብሪካ ሠራተኛ እህቶቻችንን ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ጀምሮ በርካታ ወጣት ሴቶች ከየገጠር ወረዳው ወደ ከተማችን መጥተው፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ለብዙ ተከራይተው ይኖራሉ። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ለመላክ ከሚያስችለው ከአጎዋ ዕድል ስትወጣ ሥራቸው የተቋረጠባቸው አንዳንዶቹ ወደ ማዕከላችን መጥተው፣ ሌላ ሥራ እስኪያገኙ ድረስ አቅማችን የፈቀደውን ያህል ረድተናቸው ነበር። ዘንድሮ የእኛን ችግር ሲሰሙ ደመወዝ በወጣ ቁጥር በቴሌብር ሃምሳም መቶም ብር ይልኩ የነበሩት እነዚሁ ልጆች ናቸው። ከኪራይና ከምግብ ተርፎ፣ ወላጆቻቸውም ከሚጠብቁት ገንዘብ ተቀንሶ ምን ያህል እንደሚቀራቸው የሚያውቅ ሰው፣ ስጦታቸውን በብሩ መጠን ብቻ አይለካውም።

መምህራኑም ቅዳሜና እሑዳቸውን ሰጥተውናል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ከተፈተኑት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው አይዘነጋም፤ በ2016 ዓ.ም. የተፈተኑትም ቢሆኑ ከ5.4 በመቶ አላለፉም። ለማስጠኛ የሚከፍል ወላጅ የሌለው ልጅ በዚህ ፈተና ፊት ብቻውን እንዳይቆም፣ በጡረታ ላይ ያሉትም በሥራ ላይ ያሉትም መምህራን ሒሳብና እንግሊዝኛ ያለ አበል አስተምረዋል፤ የሞዴል ፈተናዎቹን ደግሞ በሰፈራችን ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት በነጻ አባዝቶልናል። ተማሪዎቻችን የዘንድሮውን ፈተና ጨርሰው ውጤታቸውን በመጠበቅ ላይ ናቸው።

ለዓመታት የደገፉንን የውጭ ለጋሾች ውለታ አንዘነጋም። ሆኖም ከእናንተ ያገኘነው ገንዘብ ብቻ ሊያደርገው የቻለ ነገር እንዳለ መመስከር አለብኝ። የፕሮጀክት በጀት ለምን እንደሚውል አስቀድሞ ተወስኖ የሚመጣ በመሆኑ፣ ከአንዱ ርዕስ ወደ ሌላው ለማዛወር ደብዳቤ መጻፍና መልስ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ረኃብና ሕመም ግን መልስ አይጠብቁም። ጭስ የማይወጣበት ቤት የትኛው እንደሆነ ደግሞ ከማንም በላይ ጎረቤት ያውቃል። የቤት ኪራይ ጨምሮባት ልጆቿን ይዛ ልትወጣ የነበረች እናት መኖሯን የነገሩን የእድሩ ሴቶች ናቸው፤ አከራዩን ያነጋገሩትም እነርሱ ሲሆኑ፣ ውዝፉ የተከፈለው ከእናንተ መዋጮ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዓመታዊ ክፍያ አቅቷቸው መታወቂያቸውን ሳያሳድሱ ለቀሩ ቤተሰቦችም በዚሁ ገንዘብ ስለከፈልን፣ በክረምቱ ልጅ ሲታመምባቸው ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ አልፈሩም። እነዚህን የመሰሉ ወጪዎች በየትኛውም የቀድሞ በጀታችን ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም።

የሰጣችሁን ሁሉ አደራ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላው ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል፤ እኛም ይህን አክብረን የሠራንበት ሒሳብ በኦዲተር ተመርምሮ ሲያበቃ፣ ገቢውና ወጪው ተዘርዝሮ በማዕከሉ በር ላይ በሚገኘው የማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል። ደረሰኝ ያልደረሳችሁ ካላችሁ በማንኛውም የሥራ ቀን መጥታችሁ እንድትወስዱ፣ ጥያቄ ያላችሁም ያለ ይሉኝታ እንድትጠይቁን በትሕትና እናሳስባለን።

ከእናንተ ብዙዎቹ ስማችሁ እንዳይጠራ ስላሳሰባችሁን በዚህ ደብዳቤ የማንንም ስም አልጻፍንም። እያንዳንዳችሁን ግን እናውቃችኋለን፤ ልጆቹም ያውቋችኋል። ፈጣሪ ያክብርልን፤ ቤታችሁን ይባርክ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የማኅበሩ አስተባባሪ
ሐዋሳ፣ ነሐሴ 2017 ዓ.ም.