አባባ፣ በፋሲካ የነገርኩዎት ግማሹን ነው

ይድረስ ለውድ አባቴ፤
ሐዋሳ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ ተሻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ይህችን መስመር ጽፌ ብዙ ቆየሁ። ልሰርዛት አሰብኩና ተውኩት። ደብዳቤ እንዲህ ተብሎ እንደሚጀመር ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ሦስተኛ ክፍል ሆኜ ለአያቴ ስጽፍ አጠገቤ ቁጭ ብለው ፊደሌን ያርሙ ነበር። ቃሉ ለእኔ የቤታችን ሰላምታ ነው፤ ወድጄ ነው የምጽፈው። ግን ከዚያ በላይ እንዳያነቡበት እፈልጋለሁ። ይህን ደብዳቤ ከአዳማ የምጽፍልዎትም ለዚሁ ነው።

በፋሲካ ስመጣ አንገቴን አዩት። ሰው እያለ ምንም አላሉም። ማታ እህቴ ልጆቿን ይዛ ስትገባ፣ በረንዳው ላይ ብቻችንን ስንቀር፣ «ማተብሽስ?» አሉኝ። «አባባ፣ እኔ አግኖስቲክ ነኝ» አልኩዎት። ምን ማለት ነው ሲሉኝ «አላውቅም የሚል ሰው ማለት ነው» አልኩ። ፊትዎ ሲፈታ አየሁ። «እንግዲያ ጥርጣሬ ነው። ቶማስም ተጠራጥሯል፤ የሚመጣው እሑድ ዳግማይ ትንሣኤ የእሱ ቀን ነው» አሉ። ግንባሬን ስመውኝ ገቡ።

ያ መሳም እስከዛሬ ይከነክነኛል። ከሁለት ቃል ለስለስ ያለውን መርጬ ነው የነገርኩዎት።

አግኖስቲክ የሚለውን ቃል የፈጠረው ቶማስ ሃክስሊ የሚባል እንግሊዛዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1869። ቃሉን ከግሪክ ነው ያበጀው። «ግኖሲስ» ዕውቀት ነው፤ ከፊት ያለችው «አ» ታፈርሰዋለች። ስለዚህ ቃሉ የሚናገረው ስለ ዕውቀት ነው፦ ሰው «አውቃለሁ» ብሎ አፉን ሞልቶ ሊናገር የሚችለው እስከ የት ድረስ ነው? ሁለተኛው ቃል፣ ኤቲስት፣ ግን «ቴኦስ» ከሚለው፣ አምላክ ማለት ከሆነው ቃል የመጣ ነው። እሱን ዛሬ ብዙ ሰው የሚይዘው ስለ እምነት የሚናገር አድርጎ ነው። አንዱ «ታውቃለህ ወይ?» ለሚለው መልስ ነው፤ ሌላው «ታምናለህ ወይ?» ለሚለው።

እኛ ግን እንደ ደረጃ አድርገን ነው የምናያቸው። ከላይ አማኝ፣ ከታች ከሃዲ፣ መሃል ላይ አግኖስቲክ። ያን ማታ መሃሉ ላይ ቆሜ ታየሁዎት። አንድ ቀን ትወጣለች ብለው ተስፋ አደረጉ። እኔም ተስፋውን እያየሁ ዝም አልኩ።

ከሥራዬ አንድ ነገር ልንገርዎት። እዚህ ክረምቱ ሲወጣ ወባ ይበዛል። ትኩሳት ያለበት ሰው ይመጣል፣ ጣቱን እወጋለሁ፣ ደሙን መስታወት ላይ ቀብቼ ቀለም አጠጣዋለሁ፣ ማይክሮስኮፕ ሥር አደርገዋለሁ። አንድ ቦታ አይቶ መፍረድ የለም። ቢያንስ 100 ቦታ እየፈለግኩ አያለሁ። ምንም ካላገኘሁ ወረቀቱ ላይ ምን ብዬ እንደምጽፍ ያውቃሉ? «ወባ የለም» አልልም። «ጥገኛ ተሕዋስ አልታየም» ነው የምለው። ቁጥሩ አንሶ ሊያመልጠኝ ይችላል። የለም ለማለት ካየሁት በላይ ማወቅ አለብኝ። ይሄ አግኖስቲክነቴ ነው።

ሐኪሙ ግን ወረቀቱን ይዞ ቁጭ አይልም። በሽተኛው ፊቱ ነው። ወይ የወባ መድኃኒት ያዝዛል፣ ወይ አያዝዝም። «አላውቅም» ብሎ ግማሽ መድኃኒት አይሰጥም። እምነትም እንደዚያ ነው አባባ። ጠዋት ስነሣ ወይ እጸልያለሁ፣ ወይ አልጸልይም። ስጨነቅ ወይ የሚሰማኝ አለ ብዬ እናገራለሁ፣ ወይ አልናገርም። እኔ ከሁለት ዓመት ወዲህ አልናገርም። ስለዚህ አምላክ እንዳለና እንደሌለ ታውቂያለሽ ወይ ቢሉኝ፣ አላውቅም። ታምኛለሽ ወይ ቢሉኝ፣ አባባ፣ አላምንም። በፋሲካ ማታ ልነግርዎት የሚገባው ይህ ነበር።

ሁለቱ አንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው የእኔ ፈጠራ አይደለም። በርትራንድ ራስል የሚባለው ፈላስፋ በፈረንጆቹ 1947 ስለዚሁ ጽፏል። ለፈላስፎች ሲናገር አግኖስቲክ ነኝ ማለት አለብኝ፤ አለመኖሩን የማረጋግጥበት መንገድ የለኝምና አለ። ለመንገደኛው ሰው ግን ኤቲስት ነኝ ማለት ይሻለኛል አለ፤ የጥንት ግሪኮች አማልክት አለመኖራቸውንም እንደዚያው ላረጋግጥ አልችልም፣ ግን አሉ ብዬ በቁም ነገር አላስብም። ይህን የማይቀበሉ ሰዎች አሉ። ኤቲስት መባል ያለበት «የለም» ብሎ የሚከራከር ብቻ ነው ይላሉ። ክርክራቸው ይገባኛል። ለእኔ ግን ያን ማታ የቃሉ ጠባብ ትርጉም መደበቂያ ሆኖኛል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። እርስዎ ግዕዝ ያውቃሉ። «ኢአማኒ» የሚለውን ይፍቱት፦ «ኢ» አይደለም፣ «አማኒ» የሚያምን። የማያምን ማለት ብቻ ነው። «ከሃዲ» ግን ሌላ ነው። የሚካደው የሚያውቁት ነው፤ አደራ ይካዳል፣ ጓደኛ ይካዳል። በ80 ቀኔ ክርስትና ስነሣ ክርስትና እናቴ በእኔ ፈንታ ወደ ምዕራብ ዞረው «እክሕደከ ሰይጣን» ብለዋል። የሚካደው ፊት ለፊት እንዳለ ተቆጥሮ፣ አንተ ተብሎ ነው። እኔ እንዲህ ብዬ ማንንም አልካድኩም። ፈለግኩ፣ አላገኘሁም፤ አላገኘሁም አልኩ። አክስቴ «ከዳች» ስትል ሰምቻለሁ። እርስዎ ግን እንዲህ አይበሉኝ። ኢአማኒ ይበሉኝ። እሱ ያማል፣ ግን እውነት ነው።

ቃሉ ለእርስዎ የሰው ፊት እንዳለው አውቃለሁ። በደርግ ጊዜ ወጣት አስተማሪ ሆነው፣ እሑድ ጠዋት በቅዳሴ ሰዓት ስብሰባ ሲጠሩ፣ ያ ካድሬ ማተብዎን በሰው ፊት እንዲበጥሱ እንደነገረዎት ስንቴ አጫውተውኛል። በእኛ 1968 ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በ1971 ተገደሉ። የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዚያው ዓመት ተገደሉ። እርስዎ «እግዜር የለም» የሚለውን መጀመሪያ የሰሙት ከባለ ጠመንጃ አፍ ነው። ልጅዎ ያንኑ የሚመስል ቃል ስትናገር ምን እንደሚሰማዎት አስባለሁ፤ ሌሊት ያነቃኛል። ያ ሰው ግን የእርስዎን ልብ በስብሰባ ሊወስን የተነሣ ሰው ነው። እኔ የእርስዎን ማተብ ማንም እንዳይነካው ፊቱ የምቆም ነኝ።

ቅዱስ ፖሊካርፐስን ያውቋቸዋል፣ የሰምርኔሱን ጳጳስ። ሮማውያን በዚያ ዘመን ክርስቲያኖችን ኤቲስት ይሏቸው ነበር፤ ለከተማው አማልክት አይሰግዱምና። ገዢው «ኤቲስቶች ይጥፉ በል» ሲላቸው እሳቸው በስታዲየሙ ወደተሰበሰበው ሕዝብ እጃቸውን ዘርግተው ያንኑ ቃል አሉ። ያንን ሳነብ ብዙ አሰብኩ። ያንዱ ቅዱስ ለሌላው ኤቲስት ሆኖ ኖሯል።

ስለ እማዬ ደግሞ። ያረፈች ጊዜ ለቀስተኛው ሁሉ «ነፍሷን ይማር» ሲል አሜን ብያለሁ። አሁንም እላለሁ። ስለምወዳት ነው፤ ሌላ የምለውም ቃል የለኝም። በገነት ትገናኛላችሁ ሲሉኝ ግን ውስጤ ዝም ይላል። ያ ሃክስሊ ያልኩዎት ሰው በፈረንጆቹ 1860 አራት ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው የበኩር ልጁ ሞተበት። ቻርልስ ኪንግስሊ የሚባል ቄስ ወዳጁ አጽናናው። እሱም ረጅም ደብዳቤ መለሰለት። ልቤ አጥብቆ ስለፈለገው ብቻ አንድን ነገር እውነት ነው ብዬ መቀበል አልችልም የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። ልጁን የቀበረ አባት ነው ይህን የጻፈው። እማዬን ማግኘት ከምንም በላይ እፈልጋለሁ። ስለምፈልገው ብቻ አውቃለሁ ብዬ ልዋሽዎት ግን አልችልም።

ማተቡን አልጣልኩትም። እማዬ በሰጠችኝ የእንጨት ሣጥን ውስጥ አለ። ለእርስዎ ደስታ ብዬ ላስረው ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ግን ማተብ የሌለው ሰው ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከልጅነቴ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ሳላምንበት ባስረው ያኔ ነው እንደዚያ የምሆነው።

ለንስሓ አባትዎ «ልጄ ትጠራጠራለች» ብለው ነግረዋቸው ከሆነ፣ እውነቱን ይንገሩልኝ። ይቆጡ፤ እችለዋለሁ።

ሐምሌ 19 እመጣለሁ። እንደ ሁልጊዜው ገና ሳይነጋ ባጃጅ ይዤ ደጅ እጠብቅዎታለሁ። ቅዱስ ገብርኤል ድረስ እኔው ነኝ የማደርስዎት። ዝናብ አይቀርምና ጃንጥላውን እይዛለሁ። ነጠላዬን ለብሼ ቅዳሴው እስኪያልቅ ግቢው ውስጥ እቆያለሁ፤ ሲወጡ ጫማዎን አቀርባለሁ። አልስምም፣ አልሳለምም። ከፈቀዱልኝ ግን አጠገብዎ መሆን እፈልጋለሁ። ካልፈቀዱም ይንገሩኝ፤ ከአጥሩ ውጭ እጠብቃለሁ።

መልሱን በስልክ አይበሉኝ። በስልክ ሁለታችንም እንቸኩላለን። በእጅዎ ይጻፉልኝ፤ እንደ ድሮው ስሕተቴን በቀይ ቢያርሙም ደስ ይለኛል። የዓይን ጠብታውን ማታ ማታ እንዳይረሱ፤ ሊያልቅ ሲል እህቴ ትደውልልኝ፣ ከዚህ እልካለሁ።

ልጅዎ